የማይታየውን ሙዳየ ምጽዋት መቍጠር፦ በጥቅል ተልከው ሥርዓትን የሚፈትሹ ጥያቄዎች

ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም። ካህናትና የምእመናን ተወካዮች፣ ሒሳብ ሹሙና ገንዘብ ያዡ በተገኙበት ይከፈታል፤ ገንዘቡ በጠረጴዛ ላይ ፈስሶ ይቈጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሁሉም ይፈርሙበታል። ይህ የሚደረገው በማንም ላይ ጥርጣሬ ስላለ አይደለም። ለእግዚአብሔር የተሰጠው ገንዘብ በዐይን ታይቶ በጽሑፍ እንዲታወቅ ነው።

ዛሬ ግን ከመባው ከፊሉ በሳጥን ውስጥ አይገባም። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት ካስፋፉ በኋላ፣ ነቀምቴ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ ለአጥቢያው ሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ለመላክ 330 ኪሎ ሜትር መጓዝ አያስፈልገውም። በአንዳንድ አጥቢያም የሰበካ አባላት መዝገብ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የዐሥራት በኵራት ሒሳብና የችግረኞች ዝርዝር ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ሙያው ያላቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሰበካ ጉባኤ አባላት ከፊታቸው የሚቀመጥ ሳጥንና የሚዞር ቍልፍ በሌለበት ጊዜ ቈጠራው የት አለ ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። መልሱ በአንድ ቃል ባይገኝም፣ ከመልሱ ትልቁን ክፍል የሚይዘው በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው የፍተሻ ዘዴ ነው።

አስቀድሞ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚነጋገር እንመልከት። ወደ ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል አያገላብጥም። ደብዳቤውን በመስኮት ይሰጣል፤ መዝገብ ሹሙም ማንነቱን አይቶ፣ የጠየቀውን አውጥቶ ወይም አይቻልም ብሎ በዚያው መስኮት ይመልስለታል። በኮምፒዩተሮች መካከልም እንዲህ ያለ መስኮት አለ፤ ባለሙያዎች ኤፒአይ ይሉታል። በምእመኑ ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ወደ አጥቢያው መዝገብ ጥያቄ ሲልክ፣ ወይም የክፍያው አገልግሎት «ይህን ያህል ብር ገብቷል» ብሎ ሲያሳውቅ፣ መልእክቱ የሚያልፈው በዚሁ መስኮት ነው። ምላሹ ሁልጊዜ በሦስት አኃዝ ይጀምራል። 200 ከሆነ ጥያቄው ተፈጽሟል፤ 201 ከሆነ አዲስ ነገር ተመዝግቧል፤ 401 ማንነትህን አላወቅሁም ማለት ነው፤ 404 የጠየቅኸው የለም፤ 500 ደግሞ ስሕተቱ ከእኔ ከአገልጋዩ ነው ማለት ነው። እነዚህን አኃዞች ማወቅ ለኮሚቴ አባል ከባድ አይደለም፤ ከባለሙያ ጋር ሲነጋገርም ብዙ ይጠቅመዋል።

መስኮቱ በትክክል እንደሚሠራ አንድ ጊዜ በእጅ መሞከር ቀላል ነው። አባላት ይሰበሰባሉ፣ ወጣቱ ኮምፒዩተሩን ይከፍታል፣ አንድ ስም ያስገባል፣ ስሙ በሰሌዳው ላይ ይታያል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። ችግሩ የሚመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የደረሰኙ መልክ እንዲስተካከል ይታዘዛል፤ ባለሙያው ያስተካክላል፤ ደረሰኙም ያምራል። ነገር ግን ያ ለውጥ ማንም ያልነካው የሚመስለውን የሒሳብ ድምር አፋልሶት ሊሆን ይችላል። በሶፍትዌር ሥራ አንዱን ሲጠግኑ ሌላውን ማበላሸት የዘወትር ነገር ነው።

ይህ በትናንሽ ሥርዓቶች ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በተማሪዎች መካከል ተሰራጭቶ በየዩኒቨርሲቲው በራፍ ባሉ የገንዘብ ማሽኖች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነገሩ የመረጃ ጥቃት ሳይሆን በመደበኛ የሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር መሆኑን ገልጾ፣ ከ490 ሺህ በላይ የገንዘብ እንቅስቃሴዎች መፈጸማቸውን፣ የተወሰደበትም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታወቀ። ብዙው በኋላ ተመልሷል። በውጭው ዓለምም በ2018 እ.ኤ.አ. ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሥርዓት ባሸጋገረ ጊዜ እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ሒሳባቸውን መጠቀም አልቻሉም ነበር። በኋላ የወጣው የምርመራ ሪፖርት ካሳያቸው ድክመቶች አንዱ፣ ከፍተሻው ከፊሉ ከሁለቱ የመረጃ ማዕከላት በአንዱ ላይ ብቻ መካሄዱ ነው። ሁለቱም ባንኮች ባለሙያ አልቸገራቸውም። የእኛ አጥቢያ ደግሞ ያላት ምናልባት አንድ ባለሙያ ነው፤ እርሱም በትርፍ ጊዜው የሚያገለግል።

እንግዲህ ዘዴው እንዲህ ነው። ለመስኮቱ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ጊዜ ይጻፉና በቅደም ተከተል በአንድ ጥቅል ይቀመጣሉ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የሚጠበቀው መልስ አስቀድሞ ይጻፋል። ከዚያም በሥርዓቱ ላይ ለውጥ በተደረገ ቍጥር ኮምፒዩተሩ ራሱ ጥቅሉን ከላይ እስከ ታች ይልካል፤ የመጣውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር ያስተያያል፤ ያልተስማማውን በቀይ ያሳያል። ሰው በግማሽ ቀን የማይጨርሰውን ፍተሻ ማሽኑ በደቂቃዎች ይፈጽመዋል፤ በመቶኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው ሳይሰለች ይፈጽመዋል።

ለምሳሌ በጊምቢ ያለች አንዲት አጥቢያ እንዲህ ያለ ጥቅል አዘጋጀች እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ በገንዘብ ያዡ ስም ይገባና ከሥርዓቱ የይለፍ ምልክት ይቀበላል። ይህ ምልክት በተለዋዋጭ ስም ተይዞ ለቀጣዮቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይተላለፋል፤ ጥያቄዎቹ በጥቅል መታሰራቸው የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው ስንቅ ይሆናል። ሁለተኛው አንድ የፈጠራ ስም ያለው አባል ይመዘግባል፤ የአባልነት ቍጥሩንም ይይዛል። ሦስተኛው በዚያ ቍጥር አባሉን ፈልጎ ስሙ ሳይዛባ መመለሱን ያረጋግጣል። አራተኛው የአጥቢያዋን ጠቅላላ ድምር ይጠይቃል። አምስተኛው 200 ብር ዐሥራት ያስገባል። ስድስተኛው ድምሩን እንደ ገና ጠይቆ ልዩነቱ በትክክል 200 ብር መሆኑን ያያል። የመጨረሻው የሙከራውን አባል ይሰርዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን ማሳሰብ እንወዳለን። ብዙ ጀማሪ ባለሙያዎች የሚጽፉት ፍተሻ «ምላሹ 200 ነውን?» ብሎ ጠይቆ የሚያበቃ ነው። ይህ መዝገብ ሹሙ በመስኮቱ መኖሩን እንጂ የሰጠው ወረቀት ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ሥርዓቱ ፈገግ ብሎ «ተፈጽሟል» እያለ 200 ብሩን 20 አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ሰሌዳው ግን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ባለሙያው «ሁሉም አልፏል» ሲል የኮሚቴው ጥያቄ «ምን ተብሎ ተጠይቆ ነው ያለፈው?» መሆን አለበት።

ለወለጋ ከተሞች ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ፍተሻ የድርብ መልእክት ፍተሻ ነው ብለን እናምናለን። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ያ ያለፈ ነገር ቢሆንም፣ ለአፍታ የሚቋረጥ መስመርና መብራት አሁንም የዕለት ገጠመኝ ነው። የቡና ለቀማ በሚደራበት በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ገበሬ ከሽያጩ ዐሥራቱን በስልኩ ይልካል። መልእክቱ ደርሷል፤ ማረጋገጫው ግን በመመለስ ላይ ሳለ መስመሩ ጠፋ። ገበሬው አልሄደም ብሎ ደግሞ ይልካል። ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ከመዘገበው ወይ ገበሬው ሁለት ጊዜ ከፍሏል፣ ወይም የአጥቢያዋ መዝገብ በባንክ ያለውን እጥፍ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ በቍጥጥር ጊዜ የጐደለው ገንዘብ የት ሄደ የሚባለው ገንዘብ ያዡ ነውና። ንጹሕ ሰው በሌለበት ጥፋት ይታማል። በጥቅሉ ውስጥ ታዲያ አንድ የክፍያ መለያ ቍጥር ያለው መልእክት ሁለት ጊዜ ይላካል፤ በሁለተኛው ጊዜ ድምሩ ፈቀቅ ማለት የለበትም።

አንድን ጥያቄ በልዩ ልዩ መረጃ ደጋግሞ መላክም ይቻላል። በሠንጠረዥ ፋይል ላይ በየረድፉ መረጃና የሚጠበቅ መልስ ይጻፋል፤ ጥቅሉም ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጊዜ ይሄዳል። ይህን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የባለሙያው ሥራ አይደለም፤ የካህናትና የኮሚቴው ሥራ ነው። እነርሱ የሚያውቁትን እርሱ አያውቅምና።

ዘመንን ብንወስድ፣ የውጭ አገር መሣሪያዎች ዓመትን ዐሥራ ሁለት ወር አድርገው ያስባሉ። በጳጉሜን 3፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል ክርስትና የተነሣ ሕፃን ወሩ ጠፍቶበት ሊመለስ ይችላል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባት ግን ለሠንጠረዡ ረድፎችን በቃላቸው ይሰጣሉ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ይቀበል፣ ዘመነ ሉቃስ ነውና፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ይመልስ፤ ጳጉሜን 7 በማናቸውም ዓመት ይመልስ። መስከረም 1 ቀን 2016 በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ባለሙያው በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ወጥ ቍጥር አድርጎ ከጻፈው፣ ከሁለቱ ረድፎች አንዱ በቀይ ይወጣል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀር ዓለም አቀፍ ሰዓት ይመዘግባሉ። በመስከረም 1 ማኅሌት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በስልክ የተሰጠ መባ በዚያ አቈጣጠር ገና የጳጉሜን ነው፤ ካልተስተካከለ ባለፈው ዓመት ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ስምም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ገብረ መድኅን፣ ገብረመድህን፣ ገ/መድኅን አንድ ሰው ናቸው። ሥላሴን በንጉሡ «ሠ» የጻፈና በእሳቱ «ሰ» የጻፈ አንዱ የሌላውን መዝገብ ማግኘት አለባቸው፤ ፊደል ጠንቅቆ መጻፍ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። በመዝባሪ መስመር ያጠረው ስም ደግሞ ያልታሰበ ችግር አለበት። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ያ መስመር የመንገድ መለያ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ በቅጡ ካልተሠራ «ገ/መድኅን»ን ፈልግ ሲባል «ገ» የሚባል ቤት ገብቶ «መድኅን»ን ይፈልግና 404 ይመልሳል። በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም፣ በመታወቂያዋ ጫልቱ የምትባል፣ መታወቂያዋም በቁቤ የተጻፈ እኅት በወለጋ ብርቅ አይደለችም። ሦስቱም ወደ አንድ መዝገብ ማድረስ አለባቸው። ይህ ረድፍ በሠንጠረዡ ከሌለ እንዲህ ያለች እኅት የሰበካ አባልነቷን ለማረጋገጥ በመጣች ጊዜ «ስምሽ የለም» ትባላለች።

ለሥራው የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ዝግጁ ናቸው። በሰፊው የሚታወቀው ፖስትማን ሲሆን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በህንድ አገር በባንጋሎር በአንድ ወጣት ባለሙያ የተጀመረ ነው። በእርሱ ጥያቄዎች ይጻፋሉ፣ በጥቅል ይታሰራሉ፣ በአንድ ቍልፍ ተከታትለው ይላካሉ። ኒውማን የተባለው ተጓዳኙ ያንኑ ጥቅል ያለ መስኮትና ያለ ሥዕል፣ በትእዛዝ መስመር ብቻ ያስኬዳል፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። ኒውማን ሥራውን ሲጨርስ ሁሉም ከሰመረ 0፣ አንድ እንኳ ከወደቀ ሌላ ቍጥር ይመልሳል። ይህች ትንሽ ቍጥር ታላቅ ሥራ ትሠራለች። ፍተሻው ካልሰመረ አዲሱ ለውጥ ወደ ሥራ እንዳይገባ በር የምትዘጋው እርስዋ ናትና። ኮምፒዩተሩ በየሌሊቱ በተወሰነ ሰዓት ጥቅሉን እንዲያስኬድና ውጤቱን በፋይል እንዲያስቀምጥም ማዘዝ ይቻላል።

መስመር በሚደክምበት አካባቢ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መልስ በመዘግየቱ ብቻ ፍተሻው በየቀኑ በቀይ ከወጣ፣ ሰው ቀዩን ማየት ይለምደዋል፤ እውነተኛው ስሕተት በመጣ ጊዜም «መስመር ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የሒሳቡ ፍተሻ ሥርዓቱ ባለበት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ይሂድ፤ የመስመሩ ጤንነት ደግሞ ለብቻው በሌላ ጥቅል ይታይ።

ፍተሻው በእውነተኛው መዝገብ ላይ ፈጽሞ መካሄድ የለበትም። የሙከራው 200 ብር ከምእመናን ገንዘብ ጋር ቢቀላቀል ፍተሻው ራሱ ጥፋት ይሆናል። ለፍተሻ የተለየ ቅጂ ይዘጋጅ፤ ስሞቹም የፈጠራ ይሁኑ። በተለይ የችግረኞችን፣ የወላጅ አልባ ልጆችንና ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖችን ዝርዝር የያዘ አጥቢያ፣ እውነተኛውን ዝርዝር ለሙከራ መገልበጥ የለበትም። ፖስትማን በአባልነት ስም ገብተው ሲጠቀሙበት ጥቅሉን ወደ ኩባንያው ማዕከል ያስተላልፋል፤ የይለፍ ቃል በጥቅሉ ውስጥ ተጽፎ ከተገኘ አብሮ ይሄዳል። ጥቅሉን በራስ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ማኖር የሚፈልግ ብሩኖ የተባለውን መሣሪያ ሊጠቀም ይችላል። በጥቅሉም ውስጥ ሳይገቡ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ይኑር፤ ያለ ይለፍ ምልክት የችግረኞችን ዝርዝር ይጠይቅ። ትክክለኛው መልስ 401 ነው። ይህ ጥያቄ ዝርዝሩን ካገኘ፣ ችግሩ ተጠግኖ እስኪረጋገጥ ድረስ ሥርዓቱን መዝጋት ይገባል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ከዚህ አንጻር ግልጽ ነው። ሥርዓት ሲያሠራ፣ በነጻ አገልግሎትም ይሁን በውል፣ ከሶፍትዌሩ ጋር የፍተሻ ጥቅሉንና ሠንጠረዡን አብሮ ይረከብ። ባለሙያው ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ይችላል፤ ጥቅሉ ከቀረ ተተኪው ሥርዓቱ ምን እንዲሠራ ተፈልጎ እንደ ነበር ከእርሱ ያነባል። ለውጥ በተደረገ ጊዜም የፍተሻው ውጤት ታትሞ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። ይህ የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር በየወሩ ማመሳከርን አይተካም፤ ጥቅሉ መስኮቱን እንጂ በባንክ ያለውን ገንዘብ አይቈጥርምና።

በማመሳከር ጊዜ ልዩነት ከተገኘ መዝገቡን አርሞ ዝም ማለት አይበቃም። ልዩነቱን ያመጣው ሁኔታ ተጠንቶ አዲስ ጥያቄ ወይም አዲስ ረድፍ ሆኖ በጥቅሉ ላይ ይጨመራል፤ መጀመሪያ በቀይ መውጣቱ ይታያል፤ ከዚያ ባለሙያው ይጠግናል፤ አረንጓዴ ሲሆንም ቀኑ ይመዘገባል። በሰባት ጥያቄዎች የተጀመረ ጥቅል በዚህ መንገድ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ከእያንዳንዱም ጥያቄ አጠገብ ለምን እንደ ተጨመረ አንድ መስመር መጻፍ ለተተኪው ኮሚቴ ብዙ ድካም ያስቀርለታል።